የማንም ይሁን

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የወነጀልኩት ቲነሩን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ የመጀመሪያውን ጣሳ ክዳን ፈልቀቅ ሳደርገው ሽታው ቀጥ ብሎ ሆዴ ገባ። ስድስት ዓመት ቀለም ስቀምም የቲነር ሽታ ለእኔ እንደ አየር ነበር፤ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ክዳኑን እንደ ነገሩ ደፋ አድርጌ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ቁርሴን በሙሉ አስመለስኩት።

«ጋሼ፣ ይሄን ቲነር ከየት ነው ያመጡት? ተበላሽቷል እኮ!» አልኳቸው ስመለስ።

ጋሼ የሱቁ ባለቤት ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጣሳውን አሸተቱ። «ቲነር ምን ይበላሻል? ወተት ነው እንዴ?»

«ተበላሽቷል አልኩዎት።»

«እንግዲያው የተበላሸሽው አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። አከፋፋዩ ጋ ደውዬ ግን ሳልጨቃጨቅ አልቀረሁም። ሰውየው በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እህቴ፣ ከዚሁ በርሜል ለአሥራ ሁለት ሱቅ ሰጥቻለሁ፤ የጮኽሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ሆድም ያን ሰሞን ለእኔ ባዳ ነበር።

ሥራዬ ቀለም መቀመም ነው። ሰው ከግድግዳው የተላጠ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ እኔ ከዚህ አምስት ጠብታ ከዚያ ሁለት ጠብታ ብዬ ያንኑ ቀለም አወጣለታለሁ። ነጭ ብቻ ሰባት ዓይነት እለያለሁ። በማሽን የሚቀምሙ ሱቆች አሉ፤ ጋሼ ግን «ማሽን መብራት ሲጠፋ ይታወራል፣ ይቺ አትታወርም» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ይኮሩብኛል። ደሞዝ ላይ ሲደርስ ነው ኩራታቸው የሚቀንሰው።

ከፍቅረኛዬም ጋር ያገናኘኝ ይኸው ነጭ ነው። ከዓመት በፊት አንድ ረጅም ቀቢ፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ቀለም የተረጨበት፣ ባልዲ ይዞ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገው።

«ይሄ ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም።»

«አንድ ነው።»

«አይደለም።»

«ስንት እጅ ቀባኸው?»

«አንድ።»

«ታዲያ ሁለተኛውን ሳትቀባ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? ሂድና ሁለተኛ እጅ ቀባ። ካልተመሳሰለ ባልዲውን አምጥተህ ራሴ ላይ ድፋው።»

አፍጥጦ አየኝ። እኔም አፈጠጥኩበት። ባልዲውን አንስቶ ሄደ።

በማግስቱ ባዶ እጁን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልደፋብሽ አልመጣሁም» አለ። ለምን እንደመጣ ግን አልተናገረም። ጋሼ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና ዕቃ የሚቆጥሩ መስለው ወደ መጋዘኑ ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሁለተኛ እጅ» ሆኖ ቀረ። አክስቴማ፣ አሳድጋኝ እስካሁንም አብሬያት የምኖረው አክስቴ፣ «ሁለተኛ እጅ ከሚባል ልጅ ጋር እየተገናኘሁ ነው» ስላት ሚስት ፈትቶ የመጣ መስሏት ሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች።

ብዙ አይናገርም። አንድ ብሩሽ ለመግዛት ግን በሳምንት አራት ጊዜ ይመጣል። «ስንት ብሩሽ ነው የምትፈጀው?» ስለው «ፀጉሩ ይረግፋል» ይላል። ቤቱ ሄጄ ሳይ ሠላሳ ሁለት ብሩሽ፣ ሁሉም ከነላስቲኩ ቁጭ ብሏል። አንጀቴን በላው። ያን ቀን ነው የእኔ መሆኑን ያወቅኩት።

ከዚያ ሩቅ ከተማ ትምህርት ቤት ሊቀባ ሄደና ስድስት ሳምንት ቆየ። ማታ ከሥራ ሲወጣ ይደውላል፤ «ምን ሠራህ?» ስለው «ግድግዳ» ይለኛል፤ ሌላ ወሬ የለውም። በተመለሰበት ቅዳሜ ቤቱ ሄድኩ። ናፍቆኝ ነበር፤ እሱም ናፍቄው ነበር፤ ኮንዶሙ ተቀደደ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ማሳመር አያስፈልገውም።

እሑድ ጠዋት ፋርማሲ አብረን ሄድን። እኔ ጥግ ይዤ ሳቅማማ እሱ ቀደም ብሎ ባለሙያዋን «የድንገተኛውን መከላከያ ኪኒን» አላት፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

«ከተገናኛችሁ ስንት ሰዓት ሆነው?»

«አሥራ አምስት ሰዓት ቢሆነው ነው» አልኳት።

«ፈጥነሽ መጥተሻል፣ ጎበዝ። አሁኑኑ ዋጪው። ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ካስመለሰሽ ተመልሰሽ ነይ። ደግሞ ስሚኝ፣ መቶ በመቶ አይደለም። የወር አበባሽ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ በደንብ ካልመጣ ተመርመሪ።»

እኔ የሰማሁት «ጎበዝ» የሚለውን ነው። እሱ ደግሞ «ያማታል?» ብሎ ጠየቃት። ቀኑን ሙሉ ራሴን እንዳያዞረኝ ሲጠብቀኝ ዋለ፤ ሽንት ቤት እንኳ ስገባ በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ነሽ?» ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ ጥቂት ደም አየሁ። ሁለት ቀን፣ ያውም እድፍ ቢጤ። ደወልኩለት።

«መጣልኝ!»

«እሰይ» አለ። ከዚያ ዝም አለ።

«ምነው?»

«ምንም። እሰይ ነው ያልኩት።»

እኔ መዝገቡን ዘጋሁ። ኪኒኑ ሠራ፣ አበባዬ መጣ፣ ቀጣዩ ገና ወር ይቀረዋል። ቀለሙ እንደ ወትሮው እንዳልነበረ አይቻለሁ፤ ቡናማ ነበር፣ የቆየ ዝገት ይመስል። አየሁት እንጂ አላሰብኩበትም። ነጭ ሰባት ዓይነት የምለይ ሴትዮ የራሴን ቀይ መለየት አቃተኝ፤ ጉድ ነው።

ቲነሩ ከከዳኝ በኋላ ሌላውም ተከተለ። ጡቴ አላስነካ አለኝ፤ ጡት መያዣዬን ወቀስኩ። አንዲት ደንበኛ ሽቶ ተቀብታ ስትገባ ትንፋሼን ይዤ ሸኘኋት። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ባልዲዎቹ ላይ ጋደም ባልኩበት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ፤ ስነቃ ጋሼ ጃኬታቸውን አልብሰውኝ በሩ ላይ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰቅለው አገኘኋቸው። እሳቸው ሱቅ የዘጉት ልጃቸውን ሲድሩ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ቤት ስገባ አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ይሄ እንቅልፍ የሥራ እንቅልፍ አይደለም። አበባሽ መቼ ነው የመጣው?»

«ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«እንዴት ነበር?»

«ትንሽ ነበር።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ ነዋ! እድፍ እድፍ።»

«ልጄ፣ ትንሽ የሚባል አበባ አላውቅም። ወይ መጥቷል ወይ አልመጣም» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። የእርግዝና መመርመሪያ ይዛ ተመለሰች። ለማን እንደሆነ ፋርማሲስቱ ሲጠይቃት «ለራሴ» ብላው አፉን አስከፍታው እንደመጣች ነገረችኝ። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው።

መመርመሪያውን አምስት ደቂቃ ጠበቅነው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ፣ «አንድ መስመር ነው፤ እፎይ» አለች።

እኔ ተቀብያት መስኮት ጋ ሄድኩ፤ ቀለም በአምፖል አይዳኝም። መሸት ማለት ጀምሮ ነበር፣ ቢሆንም ብርሃኑ ይበቃኛል። ከአንደኛው መስመር አጠገብ ሌላ አለ። ነጭ ባልዲ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቀይ ስትገባ የምትሰጠው ሮዝ።

«ሁለት ነው» አልኳት።

«አንድ ነው! ዓይንሽ ነው።»

«ዓይኔ ነው የሚያበላኝ፣ አክስቴ። ሁለት ነው።»

አጠገቤ መጥታ እኔን እንጂ መመርመሪያውን አላየችም። ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች፤ እሱም አቅለሸለሸኝ፤ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያስተናገደችኝ ሲስተር አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሲያናግሯት ዓይኗን ከሰው ላይ የማትነቅል ሴት ናት። ሽንት ሰጠሁ፣ ጠበቅኩ፣ ተጠራሁ።

«እርጉዝ ነሽ» አለችኝ።

«ኪኒኑን ወስጄ ነበር እኮ! በማግስቱ!»

«ደግ አድርገሻል። ኪኒኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያዘገያል እንጂ ከወጣ በኋላ አይመልሰውም። አንዳንዴ ይቀድመናል። ያንቺ ጥፋት የለበትም።»

«ደምም አይቻለሁ።»

«እንደ ሌላ ጊዜው ነበር?»

«አይደለም፤ ሁለት ቀን፣ እድፍ ብቻ።»

«እሱ የወር አበባ አይደለም። ኪኒኑ እንዲህ ጣል ጣል ያደርጋል። በሱ የማይሸወድ የለም። ከዚያ በፊት ያለው፣ ደህነኛው መቼ ጀመረሽ?»

ቀኑን ነገርኳት። ሳምንት የሚቆጠርበትን ክብ ካርቶን አዙራ አየችና «አምስት ሳምንት» ብላ ጻፈች። እኔ ቁጥሩን የሰማሁት በአንድ ጆሮዬ ነው።

«ኪኒኑ ልጁን ይጎዳዋል?»

«አይጎዳውም።»

«ልጁን» ማለቴን ያስተዋልኩት ካልኩት በኋላ ነው። ሲስተርም አስተውላለች። «ዛሬ ምንም መወሰን የለብሽም» አለችኝ። «የፈለግሽውን ወስነሽ ነይ፣ እዚሁ ነኝ። ነገር ግን ሆድሽን በአንድ ወገን አጥብቆ ከወጋሽ፣ ራስሽን ከጣለሽ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ እየሮጥሽ ትመጫለሽ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቀለም መቀመም።»

«እንግዲያው ከቲነር ራቂ።»

«እሱማ ቀድሞሽ ነግሮኛል» አልኳት።

ከጤና ጣቢያው እስከ እሱ የሥራ ቦታ አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። በእግሬ ሄድኩት። ግማሽ መንገድ ስደርስ እንደምወልደው አውቄ ነበር። ከማን ጋር እንደማሳድገው ነበር የቀረኝ፤ እሱንም የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ገና ያላለቀ ፎቅ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ ኮርኒስ ይቀባል። ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ውረድ።»

ሮለሩን እንደያዘ ወረደ።

«አርግዣለሁ።»

ፊቱ በራ። ይሄን ማንም አያስክደኝም፤ ጥርሱ በሙሉ ታየ። «የምርሽን ነው?» አለኝ። ሮለሩ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፣ አላየውም። «ኪኒኑስ?»

«አልያዘም።»

«እና... ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሲስተሯ አምስት ሳምንት ነው አለችኝ።»

«አምስት?»

«አምስት።»

አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ ስትሄድ አየኋት። የምወልድበትን ወር የሚቆጥር መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም የለም። መብራት ጠፋ።

«ጥሩ» አለ። «ላስብበት።»

«ምኑን?»

«ላስብበት ብቻ» አለና መሰላሉን ወጣ። ጀርባውን አየሁት። ያንኑ የቀባውን ቦታ ደግሞ ይቀባል። ወረደልኝ ያልኩት ሰው ተመልሶ ልቤን ሰቀለው።

አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ኩራቴን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በፊት ይነሳል፣ ከእኔ በኋላ ይተኛል። ቅዳሜ ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ የቲነሩንና የዘይት ቀለሙን ጣሳ ሁሉ ተሸክመው ወደ ኋለኛው መጋዘን ወሰዱና «አንቺ የውኃ ቀለሙን ብቻ» አሉኝ። ወገባቸውን ይዘው ሲመለሱ ደግሞ፣ «ቀቢው ያውቃል?» አሉኝ።

«እያሰበበት ነው።»

«የምን ማሰብ? ግድግዳ ነው?» ብለው ተቆጡ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ እሳቸው ፊት፣ እጄ ላይ የክሬም ቀለም ባልዲ እንደያዝኩ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ አክስቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል። ፀጉሩን ተስተካክሏል። አክስቴ «ወጡ ሳያርብኝ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ የጣደችው ነገር አልነበረም።

የተጠና ነገር እንደያዘ ያስታውቅበታል።

«አስቤበታለሁ» አለ። «እንጋባ። ልጁንም አሳድገዋለሁ። የማንም ይሁን።»

አልገባኝም። በእውነት አልገባኝም።

«የማንም ማለት?»

«እኔ ከመጣሁ አንድ ወር እንኳ አልሞላኝም። አንቺ ደግሞ አምስት ሳምንት አልሽኝ። ያኔ እኔ ትምህርት ቤቱን እየቀባሁ ነበር።» ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። «ስድስት ሳምንት ብቻሽን ትቼሽ ሄድኩ፤ ሰው ነሽ። ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። አንቺም እንዳትነግሪኝ። ብቻ አብረን እንሁን።»

ቆጠርኩ። ቀኖቹን በውስጤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ልክ ነው! እሱ ከመጣበት ቅዳሜ ከቆጠርን ሦስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው፤ አምስት ከየትም አይመጣም። ለአንዲት ቅጽበት እኔው ራሴ በራሴ ደነገጥኩ። ከዚያ ንዴቱ መጣ።

«ውጣ።»

«እኔ እኮ...»

«ውጣ አልኩህ! ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሲስተሯ ትሳሳት፣ ካርቶኗ ይሳሳት፣ አላውቅም። ራሴን ግን አውቃለሁ። ካንተ ሌላ ማንንም አላውቅም! ሦስት ቀን ሙሉ ከሳሽም ዳኛም ሆነህ፣ ፈርደህ፣ ምሕረት አድርገህ መጣህ? አንዲት ጥያቄ አቃተችህ?»

ተነሳ። በሩን ራሴ ከፈትኩለት፣ ራሴ ዘጋሁበት።

አክስቴ ከማድ ቤት ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

«ጅልነቱን አየሽልኝ?» አልኳት። «የማንም ይሁን ይለኛል!»

«ጅልስ ጅል ነው» አለች። አጠገቤ ተቀመጠች። «እንዲህ ያለ ጅል ግን አልገጠመኝም። ልጄ፣ ወንድ ሲጠረጥር ሮጦ ሲጠፋ ብዙ አይቻለሁ። አጎትሽን ጨምሮ። ሲጠረጥር ፀጉሩን ተስተካክሎ የመጣ ግን በዕድሜዬ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ተነስቼ መኝታዬ ገባሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ጤና ጣቢያ ደረስኩ፤ አምስት የምትባለዋን ቁጥር ላፋጥጣት። የቀደመኝ ሰው ነበር። የእናቶች ክፍል ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ፣ ሆዳቸው ገፍቶ ከወጣ ሁለት ሴቶች መሃል ጉልበቱን ገጥሞ፣ የወረፋ ቁጥር በእጁ ይዞ ቁጭ ብሏል። ቁጥሩ አንድ ነው።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ካንቺ ሌላ ማንም የለም ካልሽ የለም» አለኝ። «ታዲያ አምስቱ ከየት እንደመጣ ልጠይቅ።»

አንደኛዋ እርጉዝ በእጇ አፏን ሸፈነች። ሲስተር በሩን ከፍታ ሁለታችንንም አየች።

«ይግባ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይግባ። ትምህርት ፈልጎ ነው የመጣው።»

ጥያቄውን ሰምታ ስትጨርስ አልሳቀችም፤ ይልቅስ ግንባሯን መታች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስረዳት ነበረብኝ። ስማኝ ወንድሜ። መቼ እንደተፀነሰ በትክክል የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እኛ መቁጠር የምንጀምረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ያን ጊዜ እርግዝና የለም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ይቆጠራል። እኛ አምስት ስንል ፅንሱ ከተፀነሰ ሦስት ገደማ ነው። አንተ የመጣኸው መቼ ነው?»

«ልክ... ሦስት ከምናምን» አለ።

«እንግዲህ» አለች ሲስተር፣ ካርቶኗን መሳቢያ ውስጥ ከታ።

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጥፍሩ ሥር ነጭ ቀለም አለ። ላጽናናው አልፈለግኩም፤ እንዲቃጠል ፈለግኩ፤ ትንሽ እንኳ።

«ይቅር በዪኝ» አለ ከእጁ ውስጥ።

«መጠርጠርህን ይቅር ብዬሃለሁ። ቁጥሩ እኔንም አስደንግጦኛል። ግን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

አንድ አሮጊት በከዘራ ደረጃውን ወጥተው እስኪያልፉን ጠበቀ።

«ብጠይቅሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እና?»

«መልሱ ሌላ ከሆነ ትቼሽ መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ወንድ የሆነ እንዲያ ያደርጋል ይባላል። ሦስት ቀን ልሄድ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ካልጠየቅኩ ግን መሄድ የለብኝም ብዬ አሰብኩ።»

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው «ምን ሠራህ?» ሲሉት «ግድግዳ» የሚለው። እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊት የወደድኩት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ።

«ሁለተኛ ብቻህን አስበህ ብቻህን እንዳትወስን።»

«እሺ።»

«ጠይቀኝ። የሚያስፈራህን ሁሉ ጠይቀኝ።»

«እሺ።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የማን ነው በለኝ።»

«አልልም! ሰማን እኮ...»

«ከሲስተሯ ነው የሰማኸው። እኔን ጠይቀኝ።»

እጁን ከፊቱ ላይ አነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። ቅንድቡ ላይ የተለመደው ጠብታ አለ።

«የማን ነው?» አለኝ፣ የማይሰማ በሚመስል ድምፅ።

«ያንተ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ደጋግሞ ነቀነቀ። እጄን ያዘኝ። እኔም አልለቀቅኩትም። ደረጃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቢሆንም ጥቂት ቆየን።

ለክትትል ካርድ ማውጣት ነበረብኝ፤ ሰልፉ አጭር ነበር። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ዕድሜዬን ጠየቀች፣ አድራሻዬን ጠየቀች፣ ከዚያ፣ «አንድ ነገር ቢያጋጥምሽ የምንጠራው ሰው?» አለችኝ። ስልክ ቁጥሩን ነገርኳት።

«ምንሽ ነው?»

እሱ ከጎኔ «ጓደ...» ብሎ ሲጀምር ቀደምኩት።

«ባሌ ነው።»

ልጅቷ ጻፈችው። እሱ ፈዝዞ ቀረ። ካርዱን ተቀብለን ከመስኮቱ ዞር እንዳልን ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለ።

«መቼ ነው የተጋባነው?»

«ትናንት» አልኩት። «የማንም ይሁን ያልከኝ ጊዜ።»